ትርፍ የሚለው ዓምድ

በኮቻባምባ ደቡብ፣ ቧንቧ ባልደረሰበት፣
ውሃ በቦቴ ተጭኖ ዳገት በሚወጣበት፣
ኤውሎሂያ ቾኬ የምትባል ብስክሌት ጠጋኝ አለች፤
ጎማ ስትነፋ አርጅታ፣ አርፋ ልትቀመጥ ስትል
ይህን ሁሉ ጣጣ አመጣች።

እኔ ሩፊኖ ነኝ። ባንክ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ቆጥሬ፣
በአንድ ማለዳ ደብዳቤ ወደ ቤቴ ተባርሬ፣
አሁን የእሷን ደብተር እይዛለሁ፣ መስመር አሰምራለሁ፤
ደሞዜ የቀትር ሾርባ ነው፤ እሱንም በዱቤ እበላለሁ።

ከባሕር ማዶ በጎ ሰዎች ወንበር ላኩ፣ ባለ ጎማ፤
ለለስላሳ ወለል የተሠራ፣ ለሆስፒታል፣ ለከተማ።
የኛ ሰፈር ግን ድንጋይ ነው። በሦስት ወሩ ኩሽኔታው ላላ፣
ካላማዳሪያው ፈነዳ፣ መቀመጫው በላብ ተበላ።
መለዋወጫ የላከ የለም። ፎቶ ያነሳ ግን ነበረ።
ወንበሩ የዶሮ ቆጥ ሆነ፤ ሰውየው አልጋው ላይ ቀረ።

ሳትሩኒኖ፣ ተራራው እግሩን የበላው የማዕድን ሰው፣
ስብርባሪውን በልጅ ልጁ አስጎትቶ በሯ አደረሰው።
«ብስክሌት የምትጠግኚ» አላት፣ «ይሄስ በምን ይለያል?
ሁለት ጎማ ነው፣ አንድ ሰው ነው፤ ደጅ መውጣት ያሻዋል።»
ጠገነችው። «ስንት ልክፈል?» አለ።
ከዚያች ጥያቄ ወዲህ እንቅልፍ የት አለ!

ማታ ደብተር ዘረጋን።
«በነጻ ይሁን» አለች። አሰላሁት፦ አሥራ አንድ ሳምንት፤
ከዚያ ወዲያ የሚዘጋው የእሷ በር ነው፤ ደግነትም ኪራይ አለበት።
«እንግዲያው ዋጋ ይቆረጥ» አልኩ እኔ፣ የባንክ ቤት ልማዴ፤
«መክፈል የሚችል ብቻ ይምጣ!» ዓይኗ ወረደ ወደ ሆዴ፤
«ሾርባውን የከፈልከው መቼ ነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ።
አንድ ገጽ ቀደድኩ።

እርዳታ እንጠይቅ ያለችው እህቷ ዴሊሲያ ናት፤
ቅጹ አርባ ገጽ ነው፤ «ተረጂ» የሚል ቃል የሞላበት።
«ተረጂ አትበሉኝ» አለ ሳትሩኒኖ፤ «ደንበኛ ይሻለኛል፤
ተረጂ ሲከፋውም ያመሰግናል፤ ደንበኛ ግን ይቆጣል፤
ሁሉ ካመሰገናችሁ፣ ጥፋታችሁን ማን ይነግራችኋል?»
ቅጹ ሳይሞላ ቀረ። ጀርባው ግን ንጹሕ ነበረ፤
በሱ ላይ ነው የመጀመሪያው ሂሳባችን የተቀመረ።

እሑድ እሑድ ከሰሜን ሰፈር፣ መነጽራቸው የሚያበራ፣
ብስክሌታቸው ከቤታችን የሚወደድ፣ ወጣቶች ይወጣሉ ተራራ፤
ሰንሰለት በጥሰው፣ ጎማ ቀደው፣ እየገፉ ሲወርዱ
በኤውሎሂያ ደጅ ነው የሚያልፉት፤ ሌላ የለም መንገዱ።
«ለነሱ ሙሉ ዋጋ» አልኳት። «ሙሉና ግማሽ» ብላ አረመች፤
የዋጋውን ሠሌዳ በቀይ ቀለም ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈች።
የአንድ እሑድ ጎማ የአንድ ሰኞን ወንበር ይጎትታል፤
የዳገት ሰው በወር አምስት ቦሊቪያኖ፤ ያጣ በጉልበቱ ይከፍላል፦
የሳትሩኒኖ እጅ ደህና ነው፤ ኩሽኔታ ያጥባል፣ ሽቦ ይወጥራል።

ጥር ላይ ግን ዝናብ ጣለ። አራት እሑድ ሰው አልወጣ፤
ዳገቱ ጭቃ ሆነና ከሰሜን አንድም ብስክሌት አልመጣ።
በቀይ ጻፍኩ። እንደገና በቀይ። ኤውሎሂያ ሳትነግረኝ
የራሷን ብስክሌት ሸጠች፤ ያወቅኩት በእግሯ መጥታ
«ደብተሩን ዝጋው» ስትለኝ።

ያን ሌሊት አልዘጋሁትም። አንዲት ቃል ይዛኝ አደረች፤
ባንክ ቤት ሳለሁ፣ ወጪ ሲቀነስ የምትቀር ቁጥር ነበረች።
«ተረፈ» ማለት ከሞት ነው? ወይስ ከጠገቡት ማዕድ?
ወይስ «ለሰው ተረፈ» እንደሚሉት፣ ከራስ አልፎ መሄድ?

መጋቢት ሲያልቅ ደመርኩ፦ አሥራ ሰባት ቦሊቪያኖ።
ሦስቴ ደመርኩ። «ለካላማዳሪያ ይበቃል» አለ ሳትሩኒኖ፤
ወንበሩን ወደ በሩ ነዳና ድንገት ተቆጣ፦
«የግራ ጎማዬ ይጮኻል! ማነው የሠራው? ወዲህ ይምጣ!»

የሠራው ራሱ ነበረ። ዝም ብዬ ሳቄን ዋጥኩ፤
ከ«ትርፍ» ጎን «ቅሬታ» የሚል ሌላ ዓምድ አሰመርኩ።