የያዝኩት እኔ ነኝ

መርፌው የጤና ጣቢያው፣ እጁ የሲስተር ትርፌ፣
ጭንሽን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ፣ አቅፌ።
ከማልቀስሽ በፊት፣ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል፣
ቀና ብለሽ አየሽኝ፤
‹አንተም?› ያልሽኝ መሰለኝ።
አፉን ያልፈታ ልጅ ዓይኑ እንዲህ ይናገራል?

ከዚያ ለቀቅሽው፤
ወረፋ የያዘውን ሕፃን ሁሉ አስከትለሽ፣
አንድ አግዳሚ ወንበር ሙሉ ለቅሶ መርተሽ።

ስድስት ሳምንትሽ ነው። ካርድሽ ላይ በእስክሪብቶ
ቀጠሮሽ ተጽፏል፣ የኔ ስም ተሳስቶ።
‹ሙዘሚል› ይላል ሙዘይንን፤ ግድ የለም፣
ያንቺ ‹ኢፍቱ› ደህና ሰፍሯል፤ ሌላው አያሳስበኝም።

ሲስተር ትርፌ ሌላ ልጅ እየመዘነች፣
ሺህ ጊዜ ያለችውን ለኛም ደግማ አለች፦
‹‹ዛሬ ማታ ትሞቃለች፤ ያለ ነው፣ አትደንግጡ።
ጡት ቶሎ ቶሎ ስጡ።
አትጀቡኗት። መርፌው ያረፈበትን አትሹት፣
ቅቤም ቅጠልም አትቀቡት፤
በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ጣል አርጉበት።
በጣም ከጋለች፣ ጡት እምቢ ካለች፣ ካንቀጠቀጣት፣
ለቅሶዋ አላቆም ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን አምጧት።››

በገዛ ባጃጄ መለስኳችሁ፤ ሂሳብ የለ፣
በየጉድጓዱ አፍ ላይ ልቤ እየዘለለ።
አሥራ አንድ ዓመት በዚህ መንገድ ነድቻለሁ፣
ድንጋዮቹን ግን ዛሬ ገና ቆጥሬያለሁ።

ማታ ዝናቡ መጣ። የጅማ ዝናብ መች ያንኳኳል?
በሩን ትቶ በጣራ ይገባል።
አደ ሻምሺም መጡ፣ ፌስታል አናታቸው ላይ አጥልቀው፣
በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ይዘው።
‹‹ጭኗን እሹላት፤ ስምንት ያሳደግኩት በዚህ ነው›› አሉ።
ከስምንት ጋር ማን ይከራከራል?
ተቀበልኩ። ዱአ አድርገው ሲወጡ፣ መደርደሪያው ላይ አኖርኩት፤
እኩለ ሌሊት ላይ (አላህ ይይልኝ)
በደረቅ ዳቦ እኔው በላሁት።

ሲቲና አጥብታሽ፣ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጣላት።
ቀስ ብዬ ወሰድኩሽ ከክንዷ፤ ክንዷ ግን አልተዘረጋላት፣
እንደታጠፈ ቀረ፣
ባዶውን አቅፎ አደረ።

ትኩስ ነሽ። ደረቴ ላይ የተጣደ ጀበና ነሽ ብዬ ልተርትብሽ፣
አልሳቅሽም፤ እኔም አልሳቅኩ።
የምስር ፍሬ የነበረችው እብጠት ባቄላ አክላለች።
ጨርቁን ነከርኩ፣ ጨመቅኩ፣ አሳረፍኩ፤
ነከርኩ፣ ጨመቅኩ፣ አሳረፍኩ፤
ከዚህ ሌላ ሙያ እንደሌለኝ አወቅኩ።

እሹሩሩውን የምታውቀው እናትሽ ናት፤
እኔ የማውቀው ያው የእንጀራዬን ጥሪ ነው፣
በጆሮሽ ሥር በሹክሹክታ ጠራሁት፦
‹መርካቶ… አጂፕ… ፈረንጅ አራዳ… ቆጪ…
አንድ ሰው የጎደለ… ቆጪ… ቆጪ…›
ሦስቴ ከተማውን ዞርን፣ ካለንበት ሳንነሳ፤
አራተኛው ላይ ዝም አልሽ፣ ቡጢሽ ሸሚዜን ጨምድዳ።

እናቴን ‹ስንት ወለድሽ?› ሲሏት
ሰባት ጣት ታነሳና፣
ሁለቱን መልሳ ታጥፋለች፣ ቃል ሳይወጣት።
ኩፍኝ ነበር። እኛ ከመኪና መንገድ የቀን ጉዞ ርቀን፣
መርፌስ፣ ካርድስ በየት በኩል ይድረሰን?
የታጠፉትን ጣቶች እያየሁ ነው ያደግኩት።
ዛሬ ጭንሽን ስይዝ፣
እነሱን ነው የያዝኩት።

ሊነጋ ሲል፣ አዛን ከመሰማቱ በፊት፣
ግንባርሽን በከንፈሬ ለካሁት፤ ሙቀት መለኪያችን ይሄው ነው።
በርዷል። ወይ ከንፈሬ ነው የሞቀው?
ደግሜ ለካሁ። በርዷል።
ሸናሽብኝ። ሱሪዬ እስከ ጉልበት ርሷል፤
እንዲህ ያለ ምሥራች ሰምቼ አላውቅም።

ካርዱን አየሁት፦ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ።
ዳግም እወስድሻለሁ፣ በዚያው ድንጋይ፣ በዚያው ባጃጅ።
የሚይዝሽም እኔ ነኝ።
ያኔ ግን ፊቴን ከሰው ሁሉ ለይተሽ ታውቂዋለሽ፤
እሱ ነው የጨነቀኝ።