የሳሙና ጽሑፍ

ቅዳሜ፣ ሳሙና በር፣ ከጠጋው ፀጉር ቤት፣
ቁራጭ ሳሙና ሰጥተው አቆሙኝ ከመስታወት፤
«ጋሽ መኳንንት፣ እስቲ አንተ ጻፍልን ግምት፤
የመሪ ተዋናይቷ ዋንጫ ነገ ለማን ይሰጣል?
መያዣው ሃምሳ ብር ነው፤ ጠጋውም አስይዟል።»

እኔ እንግዲህ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል፣
ፒያሳ፣ ከሲኒማው የማሽን ክፍል፣
በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ስንቱን ሲያለቅስ ያየሁ፣
እንባን ከግሊሰሪን ለይቼ ያወቅሁ፣
ፊልም ሲበጠስብኝ በምላጭ ቆርጬ የቀጠልሁ፤
በጡረታ ወጣሁ፤ ዓይኔ ግን አልወጣም፣
ሳይጠይቁኝም ቢሆን ከመፍረድ አልቦዝንም።

አንደኛ ትርንጎ።
«ሁለት ለአንድ» ብዬ ከላይ አሰፈርኋት፤
አልቃሽ ናት፤ ዳኛ ሁሉ ልቅሶዋን የወደደላት፤
በዝናብ አልቅሳለች፣ በሠርግ፣ በፍርድ ቤት፣
አንዴም ድንች ስትልጥ፣ ያለ ምንም ምክንያት።
ታዲያ አፍንጫዋ እንዴት አንድ ቀን አይቀላ?
በዕድሜዬ ያየሁት የእውነት ልቅሶ ሁላ
መጀመሪያ የሚያቀላው አፍንጫ ነው፣ ቀጥሎ ነው ሌላ።
ግን ማን ልብ ይለዋል?
ፎቶዋ ባጃጅ ላይ ሳይቀር ተለጥፏል።

ብርቅነሽ፣ አራት ለአንድ። ሦስት ዓመት ታጭታ፣
ሦስቱንም ለሌላ ሴት አጨብጭባ የገባች በማታ፤
ስሟ ሳይጠራ ሲቀር፣ ካሜራው ፊቷ ላይ ሲመጣ፣
ፈገግ አለች፤ ጥርሷ ሳይጎድል፣ ዓይኗ ሳይቆጣ፤
መሸለምስ ያን ፈገግታ ነበር!
«ዕዳ አለባቸው» ይላል ጠጋው፣ ምላጩን ሲቀይር፤
ዕዳ የሚከፍል ዳኛ ግን የት አገር ይኖር?

ሜላት፣ ሦስት ለአንድ። ሃያ ሁለት ዓመቷ፣
ፊልሙን በገንዘቡ ያሠራው አጎቷ፤
(አጎት መኖር እንኳ ኃጢአት አይባልም።)
ዓይነ ስውር ሆናለች፣ ደረጃ ላይ ግን እግሯ አይሳሳትም፤
ቢሆንም ዓይነ ስውር፣ ንግሥት ወይ እብድ የሆነ ሰው
ዳኛ ፊት ሳይደርስ መንገዱን ያጋመሰ ነው።

አራተኛ...
ሳሙናው አመለጠኝ፤ ልጆቹ ሣቁብኝ።
አስካል ናት፤ የአዘዞ ልጅ። ስሟን ስጽፍ ቦታው ጠበበኝ።
ባሏ ከአውቶቡስ ሳይወርድ የቀረባት ሚስት ናት፤
በሁለት ሰዓት ፊልም አሥር ቃል አልወጣት፤
ፊልሙም በሳምንቱ ወረደ፣ ሰው ጠፍቶበት።
ግን አንድ በር አለ፤ የግቢ፣ የቆርቆሮ።
ትዘጋዋለች። ትቆማለች። መልሳ
ጣት የምታህል ክፍተት ትተዋለች።
ፊቷ አይታይም፤ ትከሻዋ ብቻ።
አሥራ አንድ ጊዜ ከፍዬ አየሁት ያን ትከሻ።
እኔም ቤት እንዲህ ያለ በር ነበረ፤
ማን እንደዘጋው አልናገርም።

«ስንት እንበላት?» አሉ። አሥራ አምስት ለአንድ፣ ጻፍሁ።
በጀርባው የተሸለመ ሰው ገና አላየሁ፤
ግምት ሌላ፣ ልብ ሌላ ብዬ፣ ሃምሳ ብሬን ቆጠርሁ፣
በትርንጎ አስያዝሁ።
በአስካል ላይ የሎተሪው ልጅ ብቻ አሥር ብር ጣለ፣
«ጋሼ፣ ከሎተሪ ይሻላል» እያለ።

እሑድ ማታ ፖስታው ተቀደደ፤ «ትርንጎ!» ተባለ።
አስካል ከኋላ ወንበር፣ ጫማ ጠቧት፣ ተረከዟን አውጥታ፣
መልሳ ሳታጠልቀው አጨበጨበች ተነሥታ።
ትርንጎ ወጣች፤ ዋንጫውን ያዘች፤ «እናቴ...» አለችና፣
ሌላ ቃል አልመጣም። ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋሁና
አየሁ፤
አፍንጫዋ ቀልቷል።
«ድምፁን ቀንሰው» አልሁት ጠጋውን። ለምን እንዳልሁ እንጃ።

መቶ ብር አተረፍሁ። ከውስጡ አሥሩ የልጁ ነው፤
ጥጉ የተቀደደ፣ በላብ የራሰ፤ ለይቼ ዐውቀዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ልላጭ ገባሁ። መስታወቱ ተወልውሏል፤
ሁለት ለአንዱም፣ አራት ለአንዱም፣ ሁሉም ጠፍቷል።
ጠጋው ሙቅ ውሃ አመጣ፤ እንፋሎቱ ወጣ፣
መስታወቱ ሲያልበው፣ ከአገጬ ሥር፣ ቀስ እያለ መጣ፦
አስካል፣ አሥራ አምስት ለአንድ።
ጠጋው ፎጣ አነሣ።
«ቆይ» አልሁት። «ጺሜ ገና ነው።»