ከምላስ ሥር

ደርበው ነው ያመጣው፣ ከማደያው ጓሮ፣
አራት ሰማያዊ ፍሬ በናፕኪን ቋጥሮ።
«ሐኪም ምን ያደርጋል? የጓደኛ ምክር ይበቃል፤
አንዷን ዋጥ አድርግና የቀረውን አልጋህ ያውቃል።»
ተቀብዬ ዝም አልኩ፣ ሳላመሰግን፣ ሳላይ፣
እንደ ሌባ ደበቅሁት ከሹራቤ በታች፣ ከልቤ በላይ።

ስምንት ወር ሆኖኛል
ለእማዋይሽ ጀርባዬን ሰጥቼ፣
«ደክሞኛል» እያልኩ፣ በሌሊት ፈረቃ አመካኝቼ።
የሆስፒታል አንሶላ ነው ሥራዬ፣ በሌሊት አራት መቶ፤
የሰውን አልጋ አጥፋለሁ፣ የቤቴ አልጋ ቀዝቅዞ ተረስቶ።
እሷም አልጠየቀችም። አለመጠየቋ ነበር የከፋው፤
አንድ ማታ ትራሷን ገልብጣ ስትተኛ ልቤን ምን እንደነካው
አላውቅም።

ያን ዕለት ዊኒፔግ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፣
ሞተሩ እስኪሞቅ ብዬ የመኪናውን መሳቢያ ስከፍት
ሌላዋ ጠርሙስ ወጣች። ቡናማ፣ አውራ ጣት የምታክል፤
ደረቴን ጨምድዶ ሲይዘኝ ከምላሴ ሥር የማኖራት፣
ሁለት ዓመት ያልነካኋት፣ ግን ደግሞ ያልጣልኳት።
አንዷ ለልብ፣ አንዷ ለአልጋ።
ሁለቱን በመዳፌ ያዝኩ፤ ጎን ለጎን ዝም አሉ፣
ሰርግ ቤት እንደ ተገናኙ ጣውንቶች።
ፍርሃት ይሁን ብልሃት እጄን የያዘው፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም።
ማርሽ አስገብቼ ወደ ኤሊስ ጎዳና ነዳሁ።

ፋርማሲው ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።
ማሪቴስ የግፊት ክኒኔን በየወሩ የምትቆጥርልኝ፣
የፊሊፒንስ ልጅ፣ የልጄ የሐመልማል እኩያ።
አንደበቴ ተሳሰረ። ናፕኪኑን ፈታሁ እንጂ ቃል አልወጣኝም።
አልሳቀችም። ዓይኗ እንኳ ወደ ሰልፉ አልዞረም።
መጋረጃ ወዳለበት ጠባብ ክፍል አስገባችኝና
«ይህን የሰጠህ ሰው
ከምላስህ ሥር ምን እንደምታደርግ ጠይቆሃል?» አለች።

ከምላሴ ሥር!
እሷ መድኃኒቱን ነበር፤
እኔ የሰማሁት ስምንት ወር ያላላመጥኩትን ነው።

ጠርሙሷን አወጣሁ። ፊቷ ተለወጠ።
«ሁለቱ አንድ ደም ውስጥ ከተገናኙ
ግፊትህ ታቹ እንደ ተቀደደ ስልቻ ይፈሳል፤
አልጋ ላይ በእግርህ ወጥተህ በቃሬዛ ትወርዳለህ።
ደግሞስ ይህን ፍሬ ማን ሠራው? ውስጡስ ምን አለ?»
ቢጫ ሣጥን ውስጥ ጣለችው።
የደርበው አራት ሰማያዊዎች ለቅሶ አልተቀመጠላቸውም።

ዶክተሩ አስሮጠኝ፣ በስልሳ ዓመቴ፣
ባለህበት እርገጥ፣ ሽቦ ተለጥፎ በደረቴ።
ደሜን ቀዳ። ስኳር።
አስተርጓሚዋ በስልክ «ስንፈተ ወሲብ» አለችኝ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ።
ስም አለው ለካ! ወረፋ ያለው፣ ካርድ የሚወጣለት።
«ወንድነትህ አልሞተም» አለ፣ «የደም ቧንቧህ ነው የደከመው፤
ደግ አደረገ፣ ከልብህ ቀድሞ ተናገረ።»
ያቺን ጠርሙስ ከእንግዲህ አታስፈልግህም ብሎ እሱ ወሰደ፤
በራሴ እጅ ብጥላት ኖሮ ሌላ ጥፋት ነበር።
ከዚያ ትንሹን መጠን ጻፈ።
በቀን ከአንዲት አይበልጥም። የሰባ እራት ያዘገየዋል።
አራት ሰዓት አልፎ ካልበረደ፣ እፍረትህን ቤት ትተህ ድንገተኛ ክፍል።
ደረትህን ካመመህ ለአምቡላንሱ ሰዎች አስቀድመህ ይህን መዋጥህን ተናገር፤
ስምህን እንኳ በኋላ።

ወረቀቱን ለእማዋይሽ ሰጠኋት፣ ከነካፖርቴ ቆሜ።
መነጽሯን ፈልጋ አነበበች፣ እስከ ትንንሾቹ ፊደላት።
«ስምንት ወር» አለች።
«እኔ እኮ ሌላ ሴት መስላኝ ነበር።
ከማኅበራችን ማን እንደሆነች እንኳ መርጬልህ ነበር።»
ማን እንደሆነች አልነገረችኝም። እስከ ዛሬ።
ወረቀቱን በቁም ሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ለጠፈችው፣
ከጨው ዕቃው አጠገብ፣ ሐመልማል የማታይበት።

ቅዳሜ ማታ የቀረበው ምስር ቅቤ የለውም፣ ዘይቱም የለ።
«ቅቤውን ምን ነካው?» ልል አፌን ከፍቼ፣ ተውኩት።
እማዋይሽ ማንኪያዋን አስቀመጠች፤
ቀና ብላ
የግድግዳውን ሰዓት አየች።