የተዘቀዘቀ ማኅተም

ከሁሉም ኋላ ነው የእኔ ሥራ፣ የእኔ ቦታ፤
የወደቀ ጓንት ላነሣ፣ የጫማው ክር ለተፈታ
ቆሜ ልጠብቅ። ደግሞም ልቆጥር፤
አንዴ ከአውቶቡሱ በር፣ አንዴ ከጥዱ ሥር፣
አንዴ ደግሞ ከጫፍ ስንደርስ፣
አሥራ ስምንት ሰው ወጥቶ አሥራ ሰባት እንዳይመለስ።

ማለዳ ነው፤ ጉሙ ገና ከሳቫ ወንዝ አልተነሣ፤
አውቶቡሱ ሞልቷል፦ ዱላ፣ ሻንጣ፣ ካለፈው እሑድ የተረፈ ወቀሳ።
ዝደንካ የፖም ኬኳን በፎጣ ጠቅልላ
"ከጫፍ በፊት አይነካም" ትላለች፤ ከከተማ ሳንወጣ ግማሹ ተበላ።
ቦሽቲያን ጉልበቱን ያማል፣ እንደ ክፉ ጎረቤት፤
ኔዥካ አዲስ ጫማዋን ታባብላለች፣ ያልተገራ ውርንጭላ እንደሚያባብሉት።
ሚሎይካ፣ ጸሐፊያችን፣ ከፊት ወንበር፤
እስክሪብቶዋ የማይዋስ፣ ሕጓ የማይሰበር፦
"ማኅተም የሚመታው ጫፉን ለረገጠ እግር ነው፤
ለዘመድ የለም፣ ለታመመ የለም፤ ደብተር ከዋሸ ምኑን ደብተር ነው?"

በየተራራው ጫፍ አንዲት የብረት ሣጥን አለች፣
ማኅተምና ቀለም ይዛ በረዶውንም መብረቁንም የቻለች፤
የማኅበሩ ሰው ሁሉ ደብተር አለው፣ ኪሱ ውስጥ ላብ የጠገበ፣
የደረሰበትን ጫፍ በሙሉ በክብ ቀለም የከተበ።

የቪንኮ ግን ሦስት ጥራዝ ነበር።
አርባ ዓመት ሙሉ የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ሲቆፍር
ስድስቱን ቀን ወደ ታች፣ ሰባተኛውን ወደ ላይ፤
"ዕዳዬን ነው የምከፍለው" ይል ነበር፣ "ለሰማይ።"

ዛሬ ሳንባው እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጫል።
እስከ ተራራው ግርጌ አብሮን መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይቀልዳል?
ከሾፌሩ ጋር ካርታ ሊጫወት ተስማማ።
ሾፌሩ ያጭበረብራል፤ ቪንኮም ከእሱ አያንስም፣ ካልታማ።
ደብተሩን አልሰጠኝም። ወንበሩ ላይ ረሳው፣
እኔ ከምወርድበት በር አጠገብ። ሌላ ማን ሊያነሣው?
አልጠየቅሁትም። ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤
ቆጠርኩ፦ አሥራ ሰባት። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ቁጥሩን አላመንኩት።

መንገዱ በጥዶች መሐል፤ ግንዱ ላይ ቀይ ክብ፣ መሐሉ ነጭ፣
መንገድ ጠቋሚ ምልክት፣ እንደ ዓይን አፍጣጭ።
በአንደኛው ሰዓት ሁሉም ያወራል፤ በሁለተኛው ግማሹ፤
በሦስተኛው ድንጋይና ትንፋሽ ብቻ ናቸው የሚመላለሱ።

ሲቭኒክ ጫፍ ላይ ነፋስ። የተረፈው ኬክ። አንድ ትንሽ ጠርሙስ፣
በክዳኑ ተለክቶ ለአሥራ ሰባት የሚደርስ።
ሰልፍ ያዝን ለሣጥኗ። ሚሎይካ ማኅተሙን ጨበጠች፤
የእኔን መታች። ሁለተኛውን ደብተር አየች።
በየገጹ ጠርዝ የከሰል አሻራ፣ በስንት ሳሙና ያልለቀቀ።
"ሕጉን ታውቃለህ።"
"አውቃለሁ።"
ነፋሱ ገጹን ገለጠ፤ ገለጠ፤ ባዶው ጋ ሲደርስ አለቀ።

ማኅተሙን ገልብጣ ያዘች። እፍ አለችበት። መታች፤
ፊደሉን በአናቱ አቁማ፣ ተራራውን ዘቅዝቃ አተመች።
"እንዲህ ከሆነ አይቆጠርም" አለች፤ "ስሕተት ነው።"
አፍንጫዋን ጠረገች። ብርድ ነው፤ በብርድ ማን ነው የማይፈሰው።

ሲመሽ፣ ወንበሩ ላይ፣ "የረሳውን" አገኘ።
መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ፤ ገጹ ላይ ብዙ ቆየ።
ደብተሩን አዞረ፤ መልሶ አዞረ፤ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ።
"ልክ ነው" አለ፣ ትንፋሹ ሲመለስ፣ ድምፁ እየቀጠነ፤
"እኔ ከሥሩ ሆኜ አርባ ዓመት ሳየው
ተራራ እንዲህ ነው።"

በሩ ሳይዘጋ ቆጠርኩ፦ አሥራ ስምንት።
ከካርታው ላይ ሦስት ዩሮ ጠፍቷል አሉ፤ ሾፌሩና ቪንኮ እስከ ከተማ ተጨቃጨቁበት።