አንድ ጣት ጨምርበት

ሮተርዳም ደረስን ረቡዕ በካፊያ፣
ከሞተሩ ጩኸት፣ ከጨው ሽታ ወዲያ።
አራት ሰዓት ሰጡን፤ አዛዡ ሲናገሩ፣
«ባሕር ሳይበላችሁ ሱቅ ውስጥ እንዳትቀሩ!»

ሦስት ሆነን ወጣን፦ ቶለሳ፣ እኔና
ዘይት ከጥፍሩ ሥር የማይለቀው ዳና።
ትራም ተሳፍረንም መሬቱ ይዋዥቃል፤
እግር ከመርከብ ላይ መች ወዲያው ይወርዳል።

ሞሉ ውስጥ ገባን። ጣሪያው መስተዋት፣ ሰማይ ያንጠለጠለ፣
ደረጃው ቁልቁልም ሽቅብም የቸኮለ።
ቶለሳ ወጣበት፣ ወረደ፣ ወጣበት፣
እንደ ዥዋዥዌ ልጅ ሆኖ ዋለበት።
ስድሳ ዓይነት ትራስ፣ መቶ ዓይነት መነጽር፣
ነካን፣ ዋጋ አየን፣ መለስን በክብር።

ዳና ዕቃ አይነካም፤ ኪሱን ይዳብሳል፣
የልጁን ዳና ነው እዚያ ውስጥ ሸጉጧል፤
ቀይ ክር፣ የሹራብ ክር፤
ሌሊት ሲለያት፣ ሳትነቃ ከአልጋዋ ዳር፣
ከተረከዝ እስከ ጣት የለካበት እግሯን፤
«ጫማ አመጣለሁ» ብሎ የማለባት ስሟን።

ጫማ ቤት ገባና ክሩን ቢዘረጋ፣
ሻጩ «ቁጥሩስ?» አለው በጨዋ ፈገግታ፣ ረጋ ብሎ ረጋ።
ዳና ቁጥር የለው፤ ክር ነው የያዘው፤
«ራበኝ» ብሎ ወጣ፣ ዕፍረቱን ሊጋርደው።

ጠረን ነው የመራን ወደ ሦስተኛው ፎቅ፦
ሎሚ ሣር፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ በዘይት ሲፈነድቅ።
ሮሃያ ትባላለች፣ ከፔናንግ የመጣች፤
ሻሿን አጥብቃ አስራ ድስት ታማስላለች።
ሩዙ በኮኮናት ወተት የበሰለ፣
በሙዝ ቅጠል መሐል ጉብ ብሎ የዋለ፤
ጎኑ ቀይ ሳምባል፣ ለውዝ፣ የኪያር ቁራጭ፣
ደቃቃ ደረቅ ዓሣ ከነዓይኑ አፍጣጭ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ዕንቁላሉ ይቅር።»
«ዓሣውስ?» አለችን። ገባን ክርክር።
ዳና «ዓሣ» አለ «ለእኛ ጎረቤት ነው፤
ረቡዕ ቀርቶ እሑድም የሚበላው ማነው?»
ቶለሳ ግን ብልህ፣ ሙግት አልወደደ፤
ዕንቁላላችንን ጠቅልሎ ወሰደ።

ጎረስን። ዝም አልን። ሃያ ሁለት ቀን
መኮሮኒና ድንች ምላስ ያደነዘዘን፣
ሳምባሉ ሲያቃጥል፣ ላብ ሲያጠምቀን፣
አንዲት ሆላንዳዊት አሮጊት ውኃ አቀበለችን።
ሮሃያ ሻይ ቀዳች ከጣሳ ወደ ጣሳ፣
ላይ ሰቅላ፣ ስባ እንደ ገመድ፣ ታች አፍስሳ።

ሒሳብ ሊከፍል ዳና ኪሱን ሲገለብጥ
ቀይ ክር ወደቀ ከሳንቲሙ ውስጥ።
አነሣች፣ ዘረጋች፣ በመዳፏ ለካች፤
«የልጅ እግር» አለች። ሳይነግራት አወቀች።
«መቼ ነው የለካህ?» «በግንቦት ነው» አላት።
ወሮቹን በጣቷ ቆጠረች፤ አምስት ሞላት።

«ልጄን ትቼ መጣሁ፤ ጫማ ስልክ ጠበበው፤
እኔ የላክሁት ለተውሁት እግር ነው።
እግር አይጠብቅም፤ ባሕር ላይ ስትሆን
እሷ ትሄዳለች። ጨምር አንድ ጣትን።»

የገዛ ጣቷን ከክሩ ጫፍ አስተኛች፤
ሳምባል ባቀላው ጥፍሯ ምልክት አኖረች።

ወረድን። ሻጩ ልጅ አሁንም እዚያው አለ፤
ዳና ቁጥር አልጠራም፣ ክሩን ከጫማው ውስጥ ጣለ፦
ሰማያዊ ጫማ፣ አምፖል ያለው ተረከዙ፣
ሲረገጥ የሚበራ፤ ዋጋው የሳምንት ደሞዙ።

ሰባት ደቂቃ ዘገየን። አዛዡ ሰዓታቸውን አዩ፣
ከዚያ የጫማውን ካርቶን፤ ምንም ሳይሉን ተለዩ።

ሌሊት፣ ሰሜን ባሕር ላይ፣ መርከቧ ስትናጥ፣
ዳናን አየሁት በጨለማው ጓዳ ውስጥ፣
ጫማውን በመዳፉ ቀስ ብሎ ሲረግጥ፤
ብልጭ።
ጥቂት ቆየና፣
ብልጭ።
እጁ ገና ሳምባል ይሸታል።