ያልተጠራው ተሳፋሪ

ጺያላ እባላለሁ፣ ገመድ አሳላፊ፣
በቺያቱራ ሰማይ፣ ያለ ውኃ ቀዛፊ።
ማንጋኒዝ ያጠቆራቸው፣ ሲወጡ ከሥራ፣
ሁሉን ከየቤቱ፣ አደርሳለሁ በተራ።

ግን አለ አንድ መንገደኛ፣ ቲኬት የማይቆርጥ፣
በር ብዘጋ በስንጥቅ፣ ገብቶ የሚቀመጥ።
«ፍሬኑን ብትለቂውስ?» ይላል በጆሮዬ፤
«ያቺ ሕፃን፣ ከነቦርሳዋ፣ ብትወድቅስ?» — ወይኔ ጌታዬ!

ብሎኑን ሰባት ጊዜ፣ በሩን ዘጠኝ ጊዜ
ነክቼ፣ ተመልሼ፣ ቆሜ በትካዜ፤
አንድ ሌሊት በነጠላ ጫማ፣ በረዶ እየረገጥሁ፣
የተቆለፈውን ጣቢያ፣ ቁልፉን ልነካ መጣሁ።

ለአባ ቤሳሪዮን ነገርኋቸው፣ አንገቴን ደፍቼ፤
«ነፍሰ ገዳይ ነኝ» አልሁ፣ ማንንም ሳልነካ ፈርቼ።
የሻማውን ክር ኰስትረው፣ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፦
«በር የሚያንኳኳ ሁሉ፣ ልጄ፣ የቤት ልጅ አይደለም፤
ጡት ካላጠባሽው በቀር፣ ቤትሽን አይወርስም።
አንዴ ፍሬኑን እዪ፣ ይከፈልሻል ለርሱ፤
ሁለተኛው የጌታ ፈረቃ ነው፣ ይጠብቀው ራሱ።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። አልነበረም ቀላል።
እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ «ሂጂ» ይላል፤
ቁጭ እላለሁ። «ማረኝ» እላለሁ። ገመዱ ይጮኻል።

ዛሬም መጣ፣ በጭጋጉ፣ ያው እንግዳ፣ ያው ነገር፤
አልገፋሁትም፣ አልመለስሁለትም፤ ቁጭ አለ ከመስኮቱ ዳር።
ያቺ ሕፃን ብርቱካን ልጣ፣ ግማሹን ሰጠችኝ፤
ማዶ ደረስን። በሩን ከፈትሁ፤ በእጇ ተሰናበተችኝ።

ፍሬኑን አየሁት። አንዴ።