ከቁርጭምጭሚት በታች

ሐውልቱ ረጅም ነው፣ ከካሜራዬ በላይ፤
ራሱን ሳስገባው እግሩ ይቀራል ሜዳ ላይ።
እግሩን ላስገባ ስል ይቆረጣል አንገቱ፤
አንገቱ የተቆረጠ ጀግና ማን ይገዛል በከንቱ?
ስለዚህ ራሱን፣ ጠመንጃውን፣ ደመናውን፣
ከሥሩ የቆመውን፣ ሒሳብ የከፈለውን።
እግሩ ይቅር። ማን ጠየቀው እግሩን?

አሥራ ዘጠኝ ክረምት እንዲህ ነው ያነሣሁ፣
ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በጥንቱ የንጉሥ መናገሻ፣
የጮቄ ጉም ወርዶ ገበያዬን እስኪጠርገው እንደ ቆሻሻ።
ጥቁር ካባ ለብሰው የተመረቁትን፣
ሚዜ እየጎተቱ የተሞሸሩትን፣
ለፈቃድ የመጣውን ወታደር ልጅ፣ ዝም ያለውን።
(ሽቅብ አላየም እሱ። ጫማውን ሲያይ ቆየ።
መልሱን ሳይቀበለኝ ሄደ።)
ሁሉንም አንሥቼ፣ ሁሉንም አጥቤ፣
የዓመት ጉርሴን ከአንድ የነሐስ ራስ ላይ ሰብስቤ።
አሁን ስልክ ሁሉም ጋር አለ። እኔም አለሁ፤
ሣጥኔ ላይ ተቀምጬ ሰው እጠብቃለሁ።

በኅዳር፣ ማክሰኞ፣ ፀሐይ ጀርባውን ስትመታው፣
አንዲት ሴት መጣች፤ የነጠላዋ ጥለት ጥቁር ነው።
ጃንጥላዋን አጥፋ ዋጋ ጠየቀችኝ፤
«ሠላሳ» አልኳት።
«ግማሹን ብቻ ብፈልግስ?» አለችኝ።

እኔም እንደ ልማዴ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ፣
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ሰማይ አነጣጠርሁ።
«ተው እንጂ፣ አንተ ሰው፣ ወደ ታች!
ከቁርጭምጭሚት በታች፤
ሰማዩን ለሰማይ ተውለት» አለች።

ስሟ ጥሩዓለም ነው። ባሏ ልየው ይባል ነበር፤
ጥርብ ድንጋይ ተሸካሚ፣ በቀን ሒሳብ የሚያድር።
ሐውልቱ ሲሠራ ቀራፂው ገበያውን ዞሮ፣
የስንቱን ሰው እግር አይቶ፣ ተመራምሮ፣
የልየውን መረጠ።
ሃያ አንድ ቀን ቆመ፣ ሣጥን ላይ፣ በባዶ እግር፤
ከጥርቡ ይሻላል ብሎ፣ በቀን በሦስት ብር።
«ፊቱ የሌላ ነው፤ የማን እንደሆን እንጃ፤
ክንዱም የሌላ ነው፤ ከዘበኛ ተውሰው ነው ጠመንጃ።
ከዚህ በታች ያለው ግን የኔ ነው» አለችኝ፤
በጃንጥላዋ ጫፍ ድንበሩን አሳየችኝ።

ከዚያ ጣቱን። የግራውን እግር፣ ሁለተኛዋን፤
አውራ ጣቱ ላይ የወጣችውን፣ ጠማማዋን፣
ጥርብ ወድቆባት እንደዚያው የቀረችውን፣
ቀራፂው ላቃናት ቢል ልየው እንቢ ያለባትን።

አሥራ ዘጠኝ ክረምት! ከዚያች ጣት ሥር በልቼ፣
ከዚያች ጣት አጠገብ ሣጥኔን ዘርግቼ፣
ዝናብ ሲያባርረኝ እዚያው ተጠልዬ፣
አንድ ቀን አላየኋት፣ ቀና ብዬ ብዬ።

«ዘመቻ ላይ ነው?» አልኳት፣ «የሞተው?»
የሐውልት ሰው ነኝና፣ ሌላ ሞት የማላውቀው።
«የለም» አለች። «በወባ። ሰሊጥ ሊያጭድ ቆላ ወርዶ።
አስከሬኑም አልመጣ፤ ማን ያመጣው ወዶ?
ፎቶ አልነበረውም። መታወቂያ ነበረ፤
እሱም ከኪሱ ጋር እዚያው ቀረ።
ጦርነትስ ምኑን ያውቀዋል?
የፋሲካ ዶሮ እንኳ ጎረቤት ነበር የሚያርድልን።»

የሥራዬ ጠባይ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነው፤
ያን ቀን ወደ ፊት ሄድሁ፣ ድንጋዩን እስክነካው።
ጥበቃው አንሙት ከማዶ ፊሽካ ነፋብኝ፤
«ያገር ጀግና በጣቱ ይነሣል ወይ?» አለኝ።
እሷ ግን ጣቲቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻት፤
የርግብ ኩስ ነበረባት፤
እንደ ልጅ አፍንጫ፣ ሳትጸየፋት።
ከዚያ ቆመች። አልሣቀችም። መዳፏን አሳረፈች።

ጠቅ።

«ግማሽ ነው ያልኩህ» ብላ አሥራ አምስት ብር ቆጠረችልኝ።
ተቀበልኋት። ምን ላድርግ፣ አልተከራከርሁም።

አንዷን ቅጂ ለናሙና ሰሌዳዬ ላይ ሰቀልሁ፣
ከሙሽሮቹና ከባለ ካባዎቹ መካከል።
ሰው ሲያልፍ ይቆማል። «ይሄ ደግሞ የማን እግር ነው?»
«የሐውልቱ» እላለሁ።
«የትኛው ሐውልት?» ይሉኛል፣
ከጥላው ሥር ቆመው።